የትምህርት ቤታችንን ታሪክ ልጽፍ ተመርጬ መዝገቡ ላይ እናቴን አገኘኋት

«ሰላም ነሽ እትዬ? የምጽፍልሽ ከድሬዳዋ ነው፣ ከከዚራ። በአንድ የሴት ልጆች የግል ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። እኔም የተማርኩት እዚያው ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ልጆቹ ጠዋት መጥተው ተምረው ቤታቸው ይገባሉ። የምሥረታ በዓሉ እየደረሰ ስለሆነ መጽሔት ይታተም ተባለና ታሪኩን የምጽፈው እኔ ሆንኩ። ደስ ብሎኝ ነበር የተቀበልኩት። አሁን ግን እንቅልፍ አሳጥቶኛል።

መጀመሪያ በዓመቱ ተጨቃጨቅን። የድሮ ተማሪዎች የነበሩት እናቶች ‹የተከፈተው በ1952 ነው› ይላሉ። ሣጥን ውስጥ የተገኘ በፈረንሳይኛ የተጻፈ የገንዘብ ደብተር ደግሞ የመጀመሪያውን የተማሪ ክፍያ ‹ኦክቶበር 1959› ብሎ መዝግቧል። ሰባት ዓመት ልዩነት! ከኮሚቴው ግማሹ እናቶቹ ተሳስተዋል ብሎ ደምድሟል። ቀጥሎ የደርግ ዘመን መጣ። ያኔ ትምህርት ቤቱ የሕዝብ ሆኖ፣ ስሙ ተቀይሮ፣ ወንዶችም ገብተውበት ነበር። ተመልሶ የግልና የሴቶች የሆነው ኋላ ነው። ‹እሱን በአንድ መስመር እለፊው› ተባልኩ።

ያቃተኝ ሦስተኛው ነው። ባህር መዝገቡን ሳገላብጥ በየገጹ ‹አቋርጣለች›፣ ‹ለቃለች›፣ ‹አግብታለች› የሚል ሞልቶበታል። ኮሚቴው ሐኪሞቹን፣ ኢንጂነሮቹን፣ ውጭ አገር ያሉትን ብቻ ጻፊ ይለኛል። እኔ ደግሞ የ1966ቱን መዝገብ ስከፍት የገዛ እናቴን አገኘኋት። ሰባተኛ ክፍል ላይ ‹አግብታለች› ይላል። እናቴ ግን ‹ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈትኜ አልፌያለሁ› እያለች ነው ያሳደገችን። ያንን ገጽ ካየሁ ጀምሮ ቀና ብዬ ዓይኗን ማየት ተቸገርኩ። የፊታችን ቅዳሜ ለኮሚቴው ረቂቅ አቀርባለሁ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ቀላሉን እንገላገለው። ሰባት ዓመቱ የማንም ስህተት አይደለም። እናቶቹም ልክ ናቸው፣ ደብተሩም ልክ ነው። በፈረንሳይኛ የጻፈው ሰው የቆጠረው በፈረንጅ ነው። ኦክቶበር 1959 በእኛ ከመስከረም 20 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 1952 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ነው። ከመስከረም እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ ስምንት ይሆናል። ስለዚህ ሌላ የድሮ ወረቀት ስታገኚ መጀመሪያ ወሩን እዪ፣ ከዚያ ቀንሺ። ወር ካልተጻፈበት «1951 ወይም 1952» ብለሽ አስቀምጪው እንጂ አትገምቺ።

ድሬ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል። ከተማዋ ራሷ በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተወለደች ናት። ሐዲዱ የሐረርን ዳገት የሚወጣበት መላ ስላልነበረ ሜዳው ላይ ቀረ፤ አዲሷም ከተማ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለች። ባቡሩ ፈረንሳይኛ ይዞ መጣ። ደረሰኙም፣ የሥራ ደብዳቤውም በፈረንሳይኛና በፈረንጅ ዓመት ነበር። በሁለት አቆጣጠር የሚኖር ከተማ ሁለት ዓይነት ወረቀት ይተዋል። መጽሔቱ ላይ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን አትሙት። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ። «ተሳስተዋል» የተባሉትን እናቶች ደውለሽ ልክ እንደነበሩ ንገሪያቸው። በዚያ ዕድሜ የራስን ትዝታ መጠራጠር ያማል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ደብተሩ የሚነግርሽ የመጀመሪያው ብር የተከፈለበትን ቀን ነው። ፈቃዱ የወጣበት ቀን ሌላ ሊሆን ይችላል፤ አሁን ያላችሁበት ግቢ የተገዛበት ወይም የተሠራበትም ሌላ። ሦስቱን አትቀላቅዪ። ብዙ የበዓል መጽሔት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ አንዱን ቀን ይመርጡና ሌላውን ይደብቁታል። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው ሌላ ወረቀት ያገኛል፤ ጭቅጭቁም እንደገና ይጀመራል።

ወደ ደርጉ ዘመን ልምጣ። እዚህ ላይ ኮሚቴሽ ተሳስቷል፤ እኔም በግልጽ እልሻለሁ። በዚያ ዘመን መጀመሪያ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ወደ ሕዝብ ይዞታ ዞረዋል። ስማቸውም ተቀይሯል። ለሴት ልጆች ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1931 አዲስ አበባ የተከፈተው እቴጌ መነን እንኳን ስሙ ተነሥቶ የካቲት 12 ተባለ። ተፈሪ መኮንን እንጦጦ ሆነ። ታሪካቸውን የሚጽፍ ሰው ያንን ዘመን ቢዘለው መጽሐፉ መሃሉ ክፍት ይሆናል። የእናንተም እንደዚሁ ነው። በነዚያ ዓመታት እዚያ ግቢ የተማሩት ልጆች፣ ወንዶቹን ጨምሮ፣ ዛሬ የድሬ አባትና እናት ናቸው። ልጆቻቸውን እናንተ ዘንድ የሚያስተምሩም አይጠፉባቸውም። ያንን ገጽ ሲፈልጉ አንድ መስመር ቢያገኙ ምን ይሰማቸዋል?

ስለዘመኑ ፖለቲካ ፍርድ ስጪ አላልኩሽም። የግቢውን ሕይወት ጻፊ። ክፍያው ሲቀር እነማን መጡ? ከዚያ በፊት ደጁን ረግጠው የማያውቁ የጥጥ ፋብሪካና የሲሚንቶ ፋብሪካ ሠራተኛ ልጆች ገብተው ይሆን? አንድ ክፍል ስንት ልጅ ይይዝ ነበር? ወንዶቹ ሲገቡ ሴቶቹ የት ተቀመጡ፣ ኳስ ሜዳውን ማን ወሰደው? የቀሩት የድሮ መምህራት እነማን ነበሩ? በ1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎችን ወደ ገጠር ሲወስድ ከግቢው የወጣ አለ? በ1971 መሠረተ ትምህርት ሲጀመር በማታ ክፍሎቹ ውስጥ ማን ተማረ፣ ማንስ አስተማረ? ይሄን ሁሉ የሚመልስ ሰው ዛሬም ድሬ ውስጥ አለ። ነገ ግን ላይኖር ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው። ወደ ባህር መዝገቡ።

የድሮ መዝገብ ገጽ ምን እንደሚመስል ታውቂዋለሽ፣ አሁን እጅሽ ላይ ነው። ተራ ቁጥር፣ ስም ከነአባት፣ ዕድሜ፣ የአባት ሥራ፣ የገባችበት ቀን፣ የወጣችበት ቀን። መጨረሻ ላይ «ምርመራ» የሚል ጠባብ ዓምድ አለ። የአንድ ልጅ የትምህርት ዕድሜ በዚያ ጠባብ ዓምድ ውስጥ በአንድ ቃል ይዘጋል። ያንን ቃል የጻፈው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ልጅቷን ጠይቆ አይደለም። አንዳንዴ ወላጅ የነገረውን፣ አንዳንዴም ሰፈር የሚያወራውን ነው የጻፈው። ስለዚህ «አቋርጣለች» የሚለውን እንደ ፍርድ ወረቀት አትዪው። የምርመራሽ መጀመሪያ አድርጊው።

ለምሳሌ «የአባት ሥራ» በሚለው ሥር ምድር ባቡር የሚል ካለ ቆም በዪ። የባቡር ሰው ይዛወራል። ዛሬ ድሬ፣ ከርሞ አዋሽ፣ ሌላ ጊዜ አይሻ ወይም ናዝሬት። ልጅቷ «ለቃለች» ተብላ ናዝሬት ላይ ትምህርቷን ጨርሳ ሊሆን ይችላል። በ1969 ክረምትና በ1970 ድንገት የተቆረጡ ስሞች ካሉ ደግሞ ጦርነቱን አስቢ። በነሐሴ 1969 የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ደጃፍ ላይ ነበር። ልጁንና ዕቃውን ይዞ የሄደ ቤተሰብ ለትምህርት ቤት መልቀቂያ ጠይቆ አይወጣም። ጅቡቲ ዘመድ ያለውም ጅቡቲ ይሄዳል። መዝገብ ቤቱ ግን ለሁሉም ያለችው ቃል አንድ ናት፦ አቋርጣለች።

«አግብታለች» የሚለውስ? እሱን በደንብ እንየው፣ ምክንያቱም እናትሽም ያለችው እዚያ ነው። ትምህርት ቤታችሁ በተከፈተበት በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወጣ። ሕጉ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ያደረገው 15 ዓመት ነው። ለወንድ 18። እንግዲህ አስቢው። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ያለች ልጅ 15 ከሞላት በሕግም ለማግባት ደርሳለች ማለት ነው። አባቷ ሊድራት ቢነሣ ዳይሬክተሯ በምን ታስቆመው ነበር? ይሄ የተለወጠው በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሲወጣ ነው። ዕድሜው ለሁለቱም 18 ሆነ። ያ ሕግ አዲስ አበባና ድሬዳዋን ይገዛል። ስለዚህ መዝገቡ ውስጥ ያለው «አግብታለች» የልጅቷ ስንፍና፣ የትምህርት ቤቱም ውርደት አይደለም። የአገሩ ሕግ የፈቀደው ነገር ነው። ይህንን በሁለት አንቀጽ ብትጽፊ፣ ኮሚቴው የሚያፍርበትን ገጽ አንባቢ የሚማርበት ታደርጊዋለሽ።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። መዝገቦቹን በየአሥር ዓመቱ ለዪያቸው። በየአሥር ዓመቱ ስንት ልጅ እንደገባች፣ ስንት እንደጨረሰች፣ «አግብታለች» የተባሉት ስንት እንደሆኑ ቁጠሪ። ስም አትጻፊ፣ ቁጥር ብቻ። ከዚያ ቁጥሮቹን አስተያዪያቸው። ቁጥሩ እያነሰ መጥቶ ካገኘሽው፣ ለአንድ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ከዚህ የበለጠ ምን የሚያኮራ ነገር አለ? አንድም ዶክተር ሳትጠሪ የትምህርት ቤቱን ሥራ አሳየሽ ማለት ነው። ካላነሰም ይነገር። ለዛሬዎቹ መምህራን ከማንም በላይ የሚጠቅማቸው እሱ ነው።

ለኮሚቴሽ የምትነግሪያቸው አንድ የሩቅ አገር ታሪክ ልስጥሽ። እንግሊዝ አገር፣ ለንደን ውስጥ ፍራንሲስ ሜሪ ባስ የምትባል መምህርት እ.ኤ.አ. በ1850 የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተች። ያኔ በዚያ አገርም ሴት ልጅ ፒያኖና ጥልፍ ትማር ነበር እንጂ ለሂሳብና ለላቲን የሚያስባት አልነበረም። ኤምሊ ዴቪስ የምትባል ሴት ደግሞ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለወንድ ልጆች የሚሰጠውን ፈተና ሴቶችም ይፈተኑ ብላ ተሟገተች። በ1863 ለሙከራ ተፈቀደላት። ለዝግጅት የተሰጣቸው ጊዜ ጥቂት ሳምንት ብቻ ነበር። ልጆቹ ተፈተኑ፤ ብዙዎቹ ሂሳብ ወደቁ። የባስ ትምህርት ቤት ልጆችም ነበሩበት።

ያ ውድቀት አልተደበቀም። ባስ የሂሳብ ትምህርቱን አስተካከለች፣ ልጆቿም መልሰው ተፈተኑ። በ1865 ፈተናው ለሴቶች በይፋ ተከፈተ። በ1872 ማሪያ ግሬይና ጓደኞቿ አክሲዮን ሸጠው የሴት ልጆች የቀን ትምህርት ቤቶች ኩባንያ አቋቋሙ። በቀጣዩ ዓመት ቼልሲ በሚባለው የለንደን ሰፈር የመጀመሪያው ተከፈተ፣ ሌሎችም ተከተሉ። የቀን መሆኑ ትርጉም ነበረው። አዳሪ ስላልሆነ ክፍያው መካከለኛ ኑሮ ላለው ወላጅ የሚቀመስ ነበር፤ ልጅቷም ማታ ቤቷ ትገባለች። ይሁን እንጂ ካምብሪጅ ራሱ ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1948 ነው። እዚያም ነገሩ በአንድ ቀን አልመጣም። የዚያን ሂሳብ ፈተና ውጤት ዛሬ የምናውቀው አንድ ሰው ሳያፍር ስለመዘገበው ነው።

የእናንተም ትምህርት ቤት የቀን መሆኑን አትናቂው፤ የታሪኩ ዋና ክፍል ያለው እዚያ ይመስለኛል። ልጁን በባቡር አሳፍሮ አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ለመስደድ አቅም ያለው፣ ወይ ልቡ የሚችል ወላጅ ድሬ ውስጥ ስንት ነበር? ለብዙው ቤት «ቀን ተምራ ማታ ትገባለች» የሚለው ነው በሩን የከፈተው። ግን የቀን ተማሪ ግማሽ ሕይወቷ ከግቢ ውጭ ነው። ቤት ስትገባ ውሃ ትቀዳለች፣ ሕፃን ትይዛለች፣ ሱቅ ትቀመጣለች። የሚያገባት ሰውም የሚጠይቃት እቤት ነው። ስለዚህ ከአጥሩ ውስጥ ብቻ ብትጽፊ ታሪኩ ግማሽ ይሆናል። መንገዱን ጻፊው።

እናቶቹን ስትጠይቂ «የትምህርት ቤት ሕይወት እንዴት ነበር?» አትበያቸው። «ደስ ይል ነበር» ብለው ይጨርሱታል። ትንሽ ትንሹን ጠይቂ። ከመጋላ ነበር የምትመጪው? ከማን ጋር? የደቻቱ ወንዝ የሞላ ቀን ምን ታደርጊ ነበር? አሸዋው ላይ ጫማሽን አውልቀሽ ነው የምትሻገሪው? ዩኒፎርሙን ማን ሰፋልሽ? በእረፍት ሰዓት ምን ገዝተሽ በላሽ፤ ሳምቡሳ፣ ጊሽጣ፣ ዘይቱን? የፈረንሳይኛ መምህርቷ ስትቆጣ ምን ትል ነበር? አጠገብሽ ማን ተቀመጠች፣ አሁን የት ናት? የመጨረሻዋ ጥያቄ ወርቅ ናት። ከአንዷ ወደ ሌላዋ የምትወስድሽ እሷ ናት። መዝገቡ ላይ «አቋርጣለች» የተባለችውን የምታገኚያት በዚህ መንገድ ነው፤ በማስታወቂያ አትመጣም።

ቋንቋውንም አስቢበት። ድሬ ላይ አንዷ በአማርኛ ተምራ በኦሮምኛ ታለቅሳለች፣ ሌላዋ በሶማሊኛ ትስቃለች፣ ሌላዋ ሐረሪ ናት። ትዝታ በቤት ቋንቋ ሲሆን ይለቃል። የማትችዪው ቋንቋ ከሆነ ከተማሪዎችሽ አንዷን ይዘሽ ሂጂ፤ በተለይ የልጅ ልጅ ከሆነች። አያቷን የምትጠይቅ ልጅ የምታገኘውን እኔና አንቺ አናገኘውም። ደግሞ ፎቶ የሌላትን ሴት «እንዴት አንድ እንኳ አላስቀመጥሽም?» እንዳትያት። በ1998ቱ ጎርፍ ደቻቱ የስንቱን ቤት ከነሰዉ ወስዷል። ሣጥን ፎቶ ምንም አይደለም በዚያ ሌሊት ከጠፋው አንፃር።

ፎቶ ያላት ስታገኚ ከእጇ አትውሰጂ። እዚያው በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ በስልክሽ አንሺው፤ ጀርባውንም አንሺ። በፎቶው ያሉትን ስም ከግራ ወደ ቀኝ እያስጠራሽ ደብተርሽ ላይ ጻፊ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያሉትን የድሮ ወረቀቶች ደግሞ ማንም ላሚኔት እንዳያስደርጋቸው። ሰው ለመልካም ብሎ ያደርገዋል፣ ወረቀቱ ግን ከፕላስቲኩ አይመለስም። ስኮችም አይለጠፍበት። ባህር መዝገቡን ከመሬት አንሥታችሁ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት፤ ምስጥ መንገዱን የሚያገኘው በግድግዳና በወለል ነው።

ስለ ስም ጠንከር ያለ ነገር ልበልሽ። በሕይወት ያለች ሴት መዝገብ ላይ የተጻፈባትን ነገር ሳታስፈቅጃት አታሳትሚ። አንድም። የፈተና ውጤት፣ የቅጣት ማስታወሻ፣ «አግብታለች»፣ «አርግዛ ወጥታለች»። ይሄ ገበና ነው። ልጆቿ ያነቡታል፣ የባሏ ዘመዶች ያነቡታል። ያረፈችም ብትሆን ቤተሰቧን ጠይቂ። እሺ ያለችሽ ሴት ግን ሙሉ ስሟን፣ ፎቶዋን፣ ታሪኳን ከሐኪሞቹ እኩል ስፋት ስጫት። መጨረሻ ገጽ ላይ በትንሽ ፊደል አትወርውሪያት። ሰባተኛ ክፍል ላይ ወጥታ ቀፊራ ገበያ ላይ ሠላሳ ዓመት የነገደች ሴት ሂሳቡን የት ተማረችው? እሷን ጠይቂያት፣ ትነግርሻለች።

አሁን እናትሽ።

የኔ እህት፣ ያ ገጽ እናትሽን ውሸታም አያደርጋትም። የቀን ትምህርት ቤት መዝገብ የሚያውቀው ቀን የመጣችውን ልጅ ብቻ ነው። ያገቡ ሴቶች የማታ ትምህርት ይማሩ ነበር። ልጅ አዝለው፣ ባል አስፈቅደው፣ አንዳንዶቹም ተደብቀው። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ በማታ ተምሮም ይፈተኑታል። ሰባተኛ ላይ ከግቢያችሁ ወጥታ፣ ከዓመታት በኋላ ሌላ ቦታ ስምንተኛን ተፈትና አልፋ ሊሆን ይችላል። ያ ከሆነ የነገረቻችሁ ሁሉ እውነት ነው፤ የመዝገብ ቤቱ ሰው ግን አያውቀውም።

ላይሆንም ይችላል። አልዋሽሽም። ምናልባት ያ ስምንተኛ ክፍል ሳትደርስበት የቀረችው፣ ሆድ ይፍጀው ብላ ለልጆቿ እንደደረሰችበት አድርጋ የነገረቻቸው ነገር ይሆናል። ቢሆንስ? በ1966 ሰባተኛ ክፍል የነበረችን ልጅ ማንም «ትፈልጊያለሽ ወይ?» ብሎ ላይጠይቃት ይችላል። ልጆቿን ስታሳድግ የሠራችበትን ቃል አንቺ አሁን ከእጇ መንጠቅ የለብሽም። ቀና ብለሽ እዪያት። የበደለችሽ ነገር የለም።

ሂጂና ጠይቂያት። ገጹን ይዘሽ አይደለም። ወንድሞችሽና እህቶችሽ በሌሉበት ቀን፣ ቡና ተፈልቶ፣ እንደ ሌሎቹ እናቶች ጠይቂያት። «የትምህርት ቤቱን ታሪክ እየጻፍኩ ነው፤ አንቺም ተማሪው ነበርሽ፤ ከአንቺ ልጀምር» በያት። የት እንደተቀመጠች፣ ከማን ጋር እንደምትሄድ፣ ዩኒፎርሟ ምን እንደነበር። መውጫዋን አትጠይቂያት። ራሷ ትደርስበታለች፣ ወይም አትደርስበትም። «ስምንተኛ ጨረስኩ» ካለችሽ እንዳለችው ጻፊው። «መዝገቡ እኮ…» የሚል ቃል ካፍሽ እንዳይወጣ። ዝም ካለች አንቺም ዝም በዪ፣ ቡናውን ድገሚ። ሌላ ቀን አለ። የሠርጓን ቀን ራሷ ካነሣችው ግን ብዕርሽን አስቀምጪና ስሚያት፤ ያን ጊዜ ታሪክ ጸሐፊ አይደለሽም፣ ልጇ ነሽ።

የእሷ ነገር መጽሔቱ ላይ ይውጣ አይውጣ የሚለውን የምትወስነው እሷ ናት። እሺ ካላለች የእሷ መስመር በየአሥር ዓመቱ ከምትቆጥሪው ቁጥር ውስጥ አንድ ሆኖ ይገባል፤ በቃ። መዝገቡን የሚያዩ ሌሎች መምህራን ካሉም ስለማንም ሴት ከቢሮ ውጭ እንዳይወራ አስቀድመሽ ተነጋገሪ። ድሬ ሰፊ ትመስላለች እንጂ ወሬ ከከዚራ መጋላ ለመድረስ ባጃጅም አያስፈልገው።

ለቅዳሜ ብዙ አትሸከሚ። የዓመቱን ነገር የሚያስረዳ ግማሽ ገጽ ይዘሽ ግቢ፤ ጭቅጭቁ ሲፈታ ስብሰባው ይለሰልሳል። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን አሥር ዓመታት ቁጥርና የ1952ቱን ሕግ አሳዪያቸው። የደርግ ዘመን ሰው የሆኑ አንዲት መምህርት ወይም አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ከተገኙ ይዘሻቸው ሂጂ፣ ራሳቸው ይናገሩ። «ያንን ዘመን እለፊው» ያለው ሰው ፊታቸው ተቀምጦ መድገሙ ይከብደዋል።

አንድ ነገር ግን ቅዳሜ ሳይወሰን እንዳትወጪ፦ የበዓሉ ጥሪ። «የቀድሞ ምሩቃን» የሚል ከሆነ እነዚያ ሴቶች አንዷም አትመጣም። ጥሪው ላይ «በዚህ ግቢ አንድ ቀንም ቢሆን የተማራችሁ ሁሉ» ተብሎ ይጻፍ። በኤፍ ኤም ይነገር፣ በእድርም፣ በሴቶች መረዳጃ በአፎቻም፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድም ይነገር። በየቋንቋቸው። ሲመጡ ደጃፉ ላይ አንድ ጠረጴዛና ባዶ ደብተር ይኑር፤ ስማቸውን፣ የገቡበትን ዓመት፣ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ልጅ ስም በራሳቸው እጅ ይጻፉ። መጻፍ የማይመቻቸው ካሉ ተማሪዎችሽ ይጻፉላቸው። መጽሔቱ ቢዘገይ ይዘግይ፤ ከዚያ ደብተር በኋላ ቢታተም ይሻላል። ሲታተምም ጥቂት ቅጂ ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ለወመዘክር ላኩ።

ኮሚቴው የጥሪውን ነገር እምቢ ካለሽ ወዲያው ጻፊልኝ፤ ለዳይሬክተሯ የሚሆን ደብዳቤ አብረን እናረቃለን።